የጀርመን የዕድል ካርድ፦ ከዲግሪ ማጣራት እስከ መኖሪያ ፈቃድ

ጀርመን «ቻንሰንካርቴ» የምትለውን የዕድል ካርድ እ.ኤ.አ. ጁን 1 ቀን 2024 ሥራ ላይ አውላለች። ቀጣሪ ሳይኖራችሁ በሙያችሁ ተመዝናችሁ ትገቡና እስከ አንድ ዓመት ድረስ እዚያው ሆናችሁ ሥራ ትፈልጋላችሁ። ስለዚህ ካርድ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል የሚጀምረው «የኤምባሲ ቀጠሮ እንዴት ነው የሚያዘው?» ብሎ ነው። ቀጠሮ ግን መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነገር ነው። ጉዳዩ የሚቃናውም የሚበላሸውም ከዚያ በፊት ነው፤ ዲግሪው፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤውና ፓስፖርቱ እርስ በርስ ሲመሳከሩ። ከዚህ በታች ሥራውን በቅደም ተከተሉ አስቀምጫለሁ። ደላላ አያስፈልገውም፣ በራሳችሁ ልትጨርሱት ትችላላችሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ መንገዳችሁን ለዩ

የቅጥር ውል በእጁ ያለ ሰው የዕድል ካርድ ውስጥ መግባት የለበትም። ዲግሪው ጀርመን ውስጥ ተቀባይነት ካለውና ደመወዙ ከበቃ በቀጥታ ብሉ ካርድ (ለባለሙያዎች የሚሰጥ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ) ይጠይቅ። ለ2026 የተቆረጠው ዝቅተኛ ዓመታዊ ደመወዝ 50,700 ዩሮ ነው። የሰው ኃይል እጥረት አለባቸው ተብለው ለተዘረዘሩ ሙያዎች (ኢንጂነሮች፣ ሐኪሞች፣ የአይቲ ባለሙያዎች) እና ከተመረቁ ሦስት ዓመት ላልሞላቸው ደግሞ 45,934.20 ዩሮ ነው። ቁጥሩ በየዓመቱ ስለሚቀየር ባመለከታችሁበት ዓመት ያለውን እዩ። የአይቲ ሰው ከሆናችሁ ዲግሪ ባይኖራችሁም እንኳ ባለፉት ሰባት ዓመታት ውስጥ ቢያንስ የሦስት ዓመት ልምድ ካላችሁ በዚሁ በዝቅተኛው ደመወዝ ብሉ ካርድ ማግኘት ይቻላል። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ፕሮግራሚንግ በራሳቸው ተምረው ዓመታት የሠሩ ልጆች በደንብ ሊያስቡበት ይገባል።

ቀጣሪ ካላችሁ አንድ ነገር ጠይቁት። «ፈጣን የባለሙያ ሂደት» የሚባል አሠራር አለ፤ አሠሪው በከተማው የውጭ ዜጎች ቢሮ በኩል 411 ዩሮ ከፍሎ ጉዳዩን እዚያው ያስጨርሳል። ቢሮው ለቪዛው የሚሰጠው ቅድመ ስምምነት ከወጣ በኋላ ኤምባሲው በሦስት ሳምንት ውስጥ ቀጠሮ እንዲሰጥ ይጠበቅበታል፣ ማመልከቻው ተሟልቶ ከገባ ደግሞ ውሳኔው በሌላ ሦስት ሳምንት ውስጥ ይመጣል። አሠሪዎች፣ በተለይ ትንንሾቹ፣ ይህን መንገድ ላያውቁት ስለሚችሉ እናንተ ንገሯቸው።

በፍሪላንስ ወይም በራሳችሁ ድርጅት ለመኖር የምታስቡ ከሆነ የዕድል ካርድ አይሆናችሁም። የናንተ ሌላ መንገድ ነው፤ ወደ ታች መጥቼበታለሁ።

አንደኛ፦ ዲግሪያችሁን አጣሩ

«አናቢን» የሚባል የጀርመን መንግሥት ዳታቤዝ አለ፣ ነፃ ነው። ኢትዮጵያን መርጣችሁ ዩኒቨርሲቲያችሁን ፈልጉ። ከስሙ ጎን «ኤች ፕላስ» ካለ ተቋሙ ዕውቅና አለው፤ «ኤች ማይነስ» ካለ የለውም፤ ሁለቱም ምልክት አንድ ላይ ከተቀመጠ ደግሞ ጉዳዩ እንደ ፕሮግራሙ ይለያያል። ተቋሙን ካገኛችሁ በኋላ ዲግሪያችሁን ለብቻው ፈልጉና ሁለቱንም ገጾች አትሙ፤ ከማመልከቻው ጋር ይያያዛሉ።

ዲግሪያችሁ እዚያ ካልተመዘገበ ወይም የግል ኮሌጅ ሆኖ ምልክቱ ግልጽ ካልሆነ ቦን ከተማ ያለውን «ዛብ» የተባለ የውጭ ትምህርት መመዘኛ መሥሪያ ቤት የአቻነት መግለጫ ጠይቁ። ማመልከቻው በኦንላይን ነው፣ ክፍያው 208 ዩሮ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ አናቢን ላይ ብትገኙም እንኳ ገንዘቡ ካላችሁ ይህን ወረቀት አውጡ። ዲግሪው ሙሉ በሙሉ አቻ ነው የሚል መግለጫ የያዘ ሰው በሕጉ ዓይን «ባለሙያ» ነው፤ ነጥብ መቁጠር ሳያስፈልገው የዕድል ካርድ ያገኛል፣ የኑሮ ገንዘቡን ብቻ ያሳያል። ሥራ ሲያገኝም ብሉ ካርዱን የሚጠይቀው በዚሁ ወረቀት ነው።

እዚህ ጋ የኛ አገር ጣጣ አለ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተምረው የወጪ መጋራቱን ያልጨረሱ ብዙዎች እጃቸው ላይ ያለው ቴምፖ ብቻ ነው። የምዘናው መሥሪያ ቤት የሚፈልገው ዋናውን ዲግሪና ትራንስክሪፕቱን ነው። ስለዚህ ሌላ ነገር ሁሉ ከመጀመሩ በፊት የቀረባችሁን ዕዳ አጣሩ፣ ክፈሉ፣ ክሊራንሱን ይዛችሁ ሬጅስትራር ሂዱ። የተማራችሁት ክልል ከሆነና አሁን የምትኖሩት ሌላ ከተማ ከሆነ ይህ ብቻውን ወራት ሊወስድ ስለሚችል ነው ቀድሜ ያነሳሁት።

ነርስ፣ ሐኪም፣ ፋርማሲስት ከሆናችሁ የዲግሪው አቻነት ብቻውን አያሠራችሁም። እነዚህ ጀርመን ውስጥ ፈቃድ የሚጠይቁ ሙያዎች ናቸው፣ ፈቃዱን የሚሰጠውም ልትሠሩበት ያሰባችሁት ክፍለ ግዛት ነው። ብዙ ጊዜ መልሱ «በከፊል አቻ ነው፣ ይህ ይህ ይጎድላል» የሚል ይሆናል። በዚህ አትደንግጡ፤ በከፊል አቻ መባል ራሱ ለዕድል ካርዱ አራት ነጥብ ያስገኛል። የጎደለውን ለማሟላት የሚሰጥ የተለየ ቪዛም አለ፣ ሆስፒታሎች በዚያ በኩል ስለሚቀጥሩ ለጤና ባለሙያ ብዙ ጊዜ የሚሻለው እሱ ነው።

በቴክኒክና ሙያ የሠለጠናችሁም አልተረሳችሁም። ሥልጠናው ቢያንስ ሁለት ዓመት የፈጀና በኢትዮጵያ መንግሥት ዕውቅና ያለው መሆን አለበት።

ሁለተኛ፦ ነጥባችሁን ቁጠሩ

ሙሉ አቻነት የሌለው ሰው ስድስት ነጥብ መሙላት አለበት። ከነጥቡ በፊት ደግሞ መግቢያው አለ፦ ዕውቅና ያለው ትምህርት፣ ከቋንቋ ጀርመንኛ ኤ1 ወይም እንግሊዝኛ ቢ2 (ከጀማሪው ኤ1 ተነስቶ እስከ ሲ2 የሚወጣ የቋንቋ ደረጃ ነው)፣ እና የኑሮ ገንዘብ። ከዚያ ቆጠራው እንዲህ ነው።

በከፊል አቻ የተባለ ትምህርት 4 ነጥብ አለው። ከትምህርታችሁ ጋር በተያያዘ ሙያ ባለፉት ሰባት ዓመታት ውስጥ አምስት ዓመት መሥራት 3፣ ባለፉት አምስት ዓመታት ውስጥ ሁለት ዓመት መሥራት 2። ጀርመንኛ ቢ2 እና ከዚያ በላይ 3፣ ቢ1 2፣ ኤ2 1። እንግሊዝኛ ሲ1 1። ዕድሜ 35ን ያላለፈ 2፣ ከ35 በላይ ሆኖ 40ን ያላለፈ 1። እጥረት ያለበት ሙያ 1። ባለፉት አምስት ዓመታት ውስጥ ቢያንስ ስድስት ወር በሕጋዊ መንገድ ጀርመን የኖረ (የቱሪስት ጉብኝት አይቆጠርም) 1። ባልና ሚስት አብረው ካመለከቱና የትዳር ጓደኛውም መስፈርቱን ካሟላ 1።

አንድ የ33 ዓመት አካውንታንት እንውሰድ። ስድስት ዓመት በሙያው ሠርቷል፣ አይኤልትስ ተፈትኖ ቢ2 አምጥቷል። ለዕድሜው 2፣ ለልምዱ 3፣ ድምሩ 5። ቢ2 እንግሊዝኛው በሩን ከፈተለት እንጂ ነጥብ አልሰጠውም። አካውንታንትነት እጥረት ካለባቸው ሙያዎች ዝርዝር ውስጥ የለም። ስለዚህ አንድ ነጥብ ጎደለው፣ ያለዚህች አንድ ነጥብ ደግሞ ማመልከቻው ውድቅ ነው። መውጫው ጀርመንኛ ኤ2 ነው። ስድስት ኪሎ ያለው ጎተ ኢንስቲትዩት ትምህርቱንም ፈተናውንም ይሰጣል፤ በግል ተምሮ ፈተናውን ብቻ መውሰድም ይቻላል።

ከኤ2 አልፋችሁ ቢ1 ድረስ ተማሩ እላለሁ፣ ለነጥቡ ብቻ አይደለም። ያለ ጀርመንኛ እዚያ ሄዶ በአንድ ዓመት ውስጥ የሙያ ሥራ ማግኘት ከአይቲና ከጥቂት ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ውጪ በጣም ይከብዳል። ዓመቱ የሚጀምረው በቪዛው ነው፤ ቋንቋ ለመማር የምታጠፉት ወር ሁሉ ከሥራ ፍለጋው ላይ ይቀነሳል። እዚህ አገር ተምሮ መሄድ ርካሽም ብልህም ነው።

ሦስተኛ፦ የሥራ ልምድ ደብዳቤውን እንደገና አስጽፉ

አብዛኛው ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የተለመደውን ደብዳቤያችንን ታውቁታላችሁ፦ «ለሚመለከተው ሁሉ፣ አቶ እገሌ ከመስከረም 1 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ እስካሁን ድረስ በኦፊሰር ሁለት የሥራ መደብ በማገልገል ላይ የሚገኙ ሲሆን፣ ተገቢው የሥራ ግብር ተቀንሶ ገቢ መደረጉን እናረጋግጣለን።» ማኅተም፣ ፊርማ፣ አለቀ።

ይህን ተርጓሚው ቀኑን ሳይለውጥ እንዳለ ከተረጎመው ጀርመናዊው ቢሮ የሚያነበው በራሱ 2012 ነው። የዚሁ ሰው ዲግሪ ደግሞ በፈረንጆቹ ጁላይ 2019 የተሰጠ ነው። ወረቀቱ ሲታይ ሰውየው ከመመረቁ ሰባት ዓመት በፊት በሙያው ተቀጥሮ ሲሠራ ነበር ማለት ነው። ፋይሉን የያዘው ሰው ስለ ዘመን አቆጣጠራችን ካላወቀ የሚያስበው ሐሰተኛ ሰነድ ነው። ትክክለኛው ቀን ሴፕቴምበር 12 ቀን 2019 ነው። ጳጉሜ ስድስት በምትሆንበት ዓመት ማግስት እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ላይ ስለሚውል፣ በጭፍን «11» ብሎ የሚጽፍ ተርጓሚም ያሳስታል። ቀኑን ራሳችሁ አስሉ፣ በሁለቱም አቆጣጠር እንዲጻፍ ጠይቁ።

ሌላው «ኦፊሰር ሁለት» ነው። ይህ የደረጃ ስም እንጂ የሥራ መግለጫ አይደለም። ልምዱ ከትምህርታችሁ ጋር መያያዙ መታየት ስላለበት ደብዳቤው የምትሠሩትን ይናገር፦ የደመወዝ መክፈያ አዘጋጃለሁ፣ የባንክ ሒሳብ አስታርቃለሁ፣ የዓመት መዝጊያ ሪፖርት አወጣለሁ። በሳምንት ስንት ሰዓት እንደምትሠሩም ይጻፍበት። የሰው ኃይል ክፍሉ «የኛ ፎርማት ይኼ ነው» ካላችሁ ከዋናው ደብዳቤ ጋር የሚያያዝ የሥራ ዝርዝር ከቅርብ ኃላፊያችሁ አስፈርሙ። የጡረታ መዋጮ ማስረጃና የደመወዝ የባንክ ስቴትመንት ካከላችሁበት ደብዳቤው ይጠነክራል።

ስማችሁንም በዚሁ አጋጣሚ አስተያዩ። ዲግሪው ላይ የራስና የአባት ስም ብቻ ሆኖ ፓስፖርቱ ላይ አያት ሊጨመር ይችላል። ሰለሞን አንዱ ሰነድ ላይ በ«ኤስ ኦ»፣ ሌላው ላይ በ«ኤስ ኢ» ተጽፎ ይገኛል። ጀርመን የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር ስለለመደች አባትና አያት ለሷ ግልጽ አይደሉም። ሬጅስትራር ወይም መሥሪያ ቤቱ ሊያስተካክል ከቻለ እንደ ፓስፖርቱ ይስተካከል፤ ካልሆነ የፍርድ ቤት ማረጋገጫ ሊያስፈልግ ይችላል። ትንሽ የአጻጻፍ ልዩነት ብቻ ከሆነ በማመልከቻ ደብዳቤያችሁ ላይ የአገራችንን የስም አጠራር በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረዱ።

አራተኛ፦ ገንዘቡ

እ.ኤ.አ. በ2025 የተቀመጠው መጠን በወር 1,091 ዩሮ ነው፣ ለዓመት 13,092 ዩሮ። ሦስት ማሳያ መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው ብሎክድ አካውንት ነው። ገንዘቡ ጀርመን ውስጥ በስማችሁ ይቀመጥና ከገባችሁ በኋላ በየወሩ የተወሰነው ይለቀቅላችኋል። ችግሩ ከኢትዮጵያ ዩሮ ማስተላለፉ ነው። ባንካችሁ ለዚህ ዓላማ ምን ሰነድ እንደሚጠይቅ በጊዜ ጠይቁ፣ ወረፋውንም ግምት ውስጥ አስገቡ። በጥቁር ገበያ አታዙሩት፤ ሕገወጥ ከመሆኑም በላይ የገንዘቡ ምንጭ ሲጠየቅ የምታሳዩት ወረቀት አይኖራችሁም።

ሁለተኛው ጀርመን የሚኖር ዘመድ የሚፈርመው የኃላፊነት ቃል ነው። ፍራንክፈርት ወይም ሙኒክ ወንድም እህት ያላቸው ብዙ ጊዜ የሚሄዱበት መንገድ ይኸው ነው። ዘመዳችሁ በሚኖርበት ከተማ የውጭ ዜጎች ቢሮ ቀርቦ ገቢውን አሳይቶ ይፈርማል፤ ክፍያው 29 ዩሮ ነው። ግን ስለዚህ ነገር ግልጽ እንሁን፦ ፊርማው እስከ አምስት ዓመት ያስጠይቃል። እናንተ በዚያ ጊዜ ውስጥ የመንግሥት ድጎማ ከወሰዳችሁ ሒሳቡ የሚላከው ለፈራሚው ነው። ይህን ሳይነግሩ ዘመድን ማስፈረም ግፍ ነው። ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፣ ሥራ ባይገኝ ምን እንደሚደረግ አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ሦስተኛው እዚያ የሚጠብቃችሁ የትርፍ ሰዓት ሥራ ውል ነው። የዕድል ካርድ የያዘ ሰው በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ይችላል፤ ገቢው ለኑሮ የሚበቃ ከሆነ ተቀባይነት አለው።

አምስተኛ፦ ማመልከቻው

አሁን ነው ስለ ቀጠሮ የሚወራው። የጀርመን ውጭ ጉዳይ ከ2025 መጀመሪያ አንስቶ ይህን መሰሉን ቪዛ «የቆንስላ አገልግሎት ፖርታል» በሚባለው ድረ ገጹ በኩል ይቀበላል። ፎርሙን እዚያ ሞልታችሁ ሰነዶቹን ስካን አድርጋችሁ ትሰቅላላችሁ። ኤምባሲ በአካል የምትቀርቡት ለጣት አሻራ፣ ዋና ሰነዶችን ለማሳየትና ለመክፈል ነው። የቪዛው ክፍያ 75 ዩሮ ነው። ከዚህ ውጪ «ቀጠሮ አስይዝላችኋለሁ»፣ «ነጥብ አስሞላላችኋለሁ» ብሎ በመቶ ሺዎች ብር የሚጠይቃችሁ ሰው የሚሸጠው ነገር የለውም።

ከፓስፖርት፣ ከዲግሪ ማጣሪያው፣ ከልምድ ደብዳቤው፣ ከቋንቋ ሰርተፍኬቱና ከገንዘብ ማስረጃው ሌላ የጤና መድን፣ ሲቪ እና የዓላማ ደብዳቤ ያስፈልጋል። የዓላማ ደብዳቤው ላይ «ጀርመን ያደገች አገር ስለሆነች» ብላችሁ አትጀምሩ። የትኛው ከተማ እንደምታርፉ፣ ምን ዓይነት የሥራ መደብ እንደምትፈልጉ፣ የትኞቹ ድርጅቶች እንዲህ ያለ ሰው እየፈለጉ እንደሆነ፣ እስካሁን ለማን እንዳመለከታችሁ ጻፉ። ሁለት ሦስት ክፍት የሥራ ማስታወቂያዎች አትሙና አያይዙ። ፈላጊነታችሁ ከወረቀቱ መታየት አለበት።

ማመልከቻውን አሟልቶ በአንድ ጊዜ ማስገባት ከበፊቱ ይልቅ አሁን ያስፈልጋል። ድሮ ቪዛ የተከለከለ ሰው ለኤምባሲው ቅሬታ አቅርቦ ፋይሉን እንደገና ማሳየት ይችል ነበር። ይህ አሠራር ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ቀርቷል። አሁን የቀረው በርሊን ባለው የአስተዳደር ፍርድ ቤት መክሰስ ወይም ከአዲስ ማመልከት ነው።

ለፍሪላንሰሮችና ድርጅት ለሚከፍቱ

ጀርመን የዲጂታል ኖማድ ቪዛ የላትም። አዲስ አበባ ወይም አሜሪካ ላለ ደንበኛ በኢንተርኔት እየሠራሁ በርሊን ልኑር የሚለው ብቻውን አያስኬድም። ነፃ ሙያ ከሚባሉት ውስጥ ከሆናችሁ (አስተርጓሚ፣ ጋዜጠኛ፣ አርክቴክት፣ ሠዓሊ፣ ብዙ ጊዜም ሶፍትዌር ሠሪ) የፍሪላንስ መኖሪያ ፈቃድ መጠየቅ ትችላላችሁ። ክብደት የሚሰጠው እዚያው ጀርመን ካሉ ደንበኞች የሚመጣ «ከዚህ ሰው ጋር መሥራት እንፈልጋለን» የሚል ደብዳቤ ነው፤ ምን ሥራ፣ በስንት ክፍያ የሚል ዝርዝር ካለው ይበልጥ ይረዳል። ከሱ ጋር የገቢና ወጪ ትንበያ፣ ሲቪና የሥራ ናሙና፣ የጤና መድን፣ ሙያው የሚጠይቅ ከሆነም ፈቃድ ይቀርባል።

ድርጅት ለመክፈት ደግሞ የቢዝነስ ፕላኑ ለአካባቢው የሚሰጠው ጥቅም፣ የካፒታሉ ምንጭና የእናንተ ልምድ ይመዘናል፤ የውጭ ዜጎች ቢሮው የአካባቢውን የንግድ ምክር ቤት አስተያየት ሊጠይቅ ይችላል። ፈቃዱ እስከ ሦስት ዓመት ይሰጣል፣ ድርጅቱ ከተሳካ ከሦስት ዓመት በኋላ ቋሚ መኖሪያ መጠየቅ ይቻላል። ዕድሜያችሁ ከ45 በላይ ከሆነ በሁለቱም መንገድ በቂ የጡረታ ዋስትና እንዳላችሁ ማሳየት እንዳለባችሁ አትርሱ።

ስድስተኛ፦ ከገባችሁ በኋላ

ቤት በገባችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ በከተማው መመዝገብ ግዴታ ነው፤ ለዚህም ያከራያችሁ ሰው የሚፈርመው ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ዘመድ ቤት ብታርፉም ዘመዳችሁ ያስመዝግባችሁ። ያለዚያ ምዝገባ የግብር ቁጥሩም፣ የባንክ ሒሳቡም፣ የመኖሪያ ፈቃዱም ይጓተታል።

በሙያችሁ የሚያያችሁ ቀጣሪ ካገኛችሁ እስከ ሁለት ሳምንት የሙከራ ሥራ እንድትሠሩለት ሕጉ ይፈቅዳል። ሲቪ ብቻ ከመላክ ይልቅ ይህን ራሳችሁ አቅርቡ፤ የኢትዮጵያ ዲግሪ ለማያውቅ አሠሪ የሁለት ሳምንት ሥራችሁ ብዙ ያስረዳል። የሃያ ሰዓቷ ሥራ ደግሞ አታዘናጋችሁ፤ መጋዘን ወይም ምግብ ቤት እየዋሉ ዓመቱ ሊያልቅ ይችላል።

ውል ስታገኙ ካርዱ እስኪያበቃ ሳትጠብቁ ወደ የውጭ ዜጎች ቢሮው ሂዱና ወደ ብሉ ካርድ ወይም ወደ ባለሙያ የሥራ ፈቃድ አስለውጡ። ለነዚህ የማይበቃ ነገር ግን የሙያ ሥራ ውል ካላችሁ የዕድል ካርዱ እስከ ሁለት ዓመት ሊራዘም ይችላል፣ የጀርመን መንግሥት የሥራ ኤጀንሲ ፈቃድ ታክሎበት። ብሉ ካርድ ላይ ከሆናችሁ የትዳር ጓደኛችሁ ጀርመንኛ ሳይጠየቅ መምጣት ይችላል። ቋሚ መኖሪያውን በኤ1 ጀርመንኛ ከ27 ወር በኋላ፣ በቢ1 ግን ከ21 ወር በኋላ ትጠይቃላችሁ። ስለዚህ የቢ1 ሰርተፍኬቱን በኮፒ ሳይሆን በዋናው ያዙት፣ የየወሩን የደመወዝ ወረቀትና የጡረታ መዋጮ ማስረጃም ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በአንድ ፎልደር አስቀምጡ።